ሶሉ ላይ ያለችው ጠብታ

እኔ ያየሁትን አይቻለሁ የምል ሰው ነኝ። ፎርማኑ ሲጠይቀኝም አፌን ሞልቼ፣ «የእህቴ ባል ገመዱን ለቆታል፤ ባዶ እጁን ቆሞ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» አልኩ።

የሕንፃ ቀለም ቀቢዎች ነን። አንዳችን ከጣሪያው ጠርዝ ስንወርድ ሌላው ከላይ ሆኖ ገመዱን ይይዛል። ያን ቀን የእህቴ ባል ገመዴን ይዞ፣ ከስድስተኛው ፎቅ ጣሪያ ጠርዝ ስር የረገጥኩት ጣውላ ከዳኝ። ክንድ ያህል ወርጄ ተንጠለጠልኩ፤ ዓይኔ ከጣሪያው ወለል እኩል ነበር። ባልደረቦቻችን ሮጠው ሲደርሱ ገመዱን የጣሪያው ጠርዝ መከላከያ ብረት ላይ ተጠምጥሞ አገኙትና ጎትተው አወጡኝ። እኔም «ገመዱ ራሱ ተጠምጥሞ ነው የተረፍኩት» እያልኩ ሰነበትኩ።

ፎርማኑ ሰኞ የእህቴን ባል ሊያባርረው ነው። የሚገርመው ሰውየው አልተከራከረም። «ጣሳ ሲወድቅ ከሰማሁ በኋላ ያለው ሁሉ ጠፍቶብኛል። ለቅቄህም ይሆናል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። እህቴ ደግሞ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ብላ ፊት ነስታኛለች።

እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። በዚያች ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ሰዓት ጮኸሃል ይሉኛል፤ አላስታውስም። ግማሽ ሰዓት የተንጠለጠልኩ ይመስለኛል፤ ሁለት ደቂቃም አልሞላም ይሉኛል። አንዲት ባለ ሦስት እግር አረንጓዴ የቀለም ጠብታ ግን እስከ ዛሬ ፊቴ ድቅን ትላለች። የት አየኋት? ጫማ ላይ ይመስለኛል።

እሁድ እህቴ ቤት ሄጄ፣ «የባልሽን የሥራ ጫማ አሳዪኝ» አልኳት።

«እንጀራውን ወሰድክበት፣ ጫማው ቀረህ?» ብላ ወረወረችልኝ።

ከላይ ምንም የለውም። ገለበጥኩት። ተረከዙ ስር፣ ሶሉ ላይ፣ ጠብታዋ ከነሦስት እግሯ አለች። የቆመ ሰው ሶል ደግሞ አይታይም።

ባልየውን ጫማውን አስጠልቄ በረንዳው ላይ አወጣሁት። እኔ ታች ወርጄ ዓይኔን ከወለሉ ጋር አስተካከልኩ፤ በበረንዳው መከላከያ ብረት መሃል አንሶላ አሾልኬ ጫፉን አስያዝኩት። ቆሞ ያዘ፤ ጠብታዋ የለችም። ተንበረከከ፤ የለችም። መሬት ተቀምጦ፣ ወደ ኋላ ተንጋሎ፣ እግሮቹን ብረቱ ላይ ቸክሎ ሲስብ፣ ጠብታዋ አፍንጫዬ ስር መጣች።

«አልለቀቅከኝም። ይዘኸኛል፤ የጠመጠምከውም አንተ ነህ። ባዶ እጅህን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው» አልኩት።

እዚያው ቆሜ ፎርማኑ ጋ ደውዬ፣ «ተሳስቻለሁ፤ እሱ አልለቀቀኝም» አልኩት። «ያየሁትን አይቻለሁ ትል አልነበር?» አለኝ።

«አይቻለሁ። የቱ እንደቀደመ ነው የጠፋብኝ» አልኩት።

ስልኩን ስዘጋ የእህቴ ባል እንደተንጋለለ እያለቀሰ ነበር። እህቴ አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ «በቃ፣ ወንድሜ ወጥቷል እኮ፤ አሁን ልቀቀው» ትለዋለች። እሱ ግን አንሶላውን አለቀቀም።