አኩርፈው ያነሱት ፒያኖ

ኩርፊያን ጨዋነት የሚያስመስሉ ሰዎች አሉ። «ከመሳደብ ዝም ማለት ይሻላል» ይላሉ። ውሸት ነው! ያኮረፈ ሰው በሆዱ ሲሳደብ ነው የሚውለው። ፒያኖ የሚጠግነው አናጺም ያን ቀን ጠዋት ከእህቱ ጋር ደንበኛቸው ቤት ሲገባ በሆዱ እየተሳደበ ነበር።

ያጣላቸው ተራ ቀልድ ነው። ከአንድ ቀን በፊት በሰው ፊት «ፒያኖውን የምሠራው እኔ ነኝ፤ እሷማ ትኮረኩረዋለች» ብሎ ሰዉን ሁሉ አሳቀ። እሷ ግን ቃኚ ናት፤ አንድ ክር ገና ሊረግብ ሲያስብ በጣቷ የምታውቅ። ከዚያ ወዲህ በአሽሙር ካልሆነ አልተነጋገሩም።

የደንበኛቸው ቋሚ ፒያኖ የኋላ ጎማው ተሰብሯል። ለመጠገን በጀርባው ማስተኛት ያስፈልጋል። ብረቱ ያለው ጀርባው ላይ ስለሆነ አንዴ ካዘነበለ ልመና አይሰማም። ስለዚህ ወንድም ከኋላ ሆኖ ክብደቱን ይቀበላል፤ እህት ከሥሩ ወፍራም ጉማጅ እንጨት ታስገባለች፤ እጇን ስታወጣ «ወጣሁ» ትላለች። እሱም ያን ሲሰማ ብቻ ያወርደዋል።

«ምነው ልጆቼ፣ ሰው ሞተባችሁ እንዴ?» አሉ የቤቱ ባለቤት አሮጊት።

«የለም እማማ» አለ አናጺው፣ ፒያኖውን ወደ ራሱ እየሳበ። «አንዳንዱ ሰው ዛሬ ምላሱን ቤቱ ረስቶ መጥቶ ነው።»

«እማማ፣ ቀስ ይበል በሉልኝ» አለች እህቱ ተንበርክካ። «ጠማማ የሚሆነው እንጨት ብቻ መስሎኝ ነበር።»

«ቀስ በል ልጄ» አሉ አሮጊቷ እየሳቁ።

በዚህ መሃል ጓዳ ስልክ ጮኸና አሮጊቷ ሄዱ። አማላጅ ጠፋ። አናጺው ጉማጁ ወለሉን ሲመታ ሰማ። እጇ አልታየውም። «ወጣሽ?» ማለት አንዲት ቃል ናት። አልጠይቃትም አለ በልቡ፤ እሷ ትጀምር! ክንዱ ዛለ፤ አወረደው።

ጩኸቷን ሰምቶ ፒያኖውን በምን ጉልበት መልሶ እንዳነሳው ዛሬም አያውቅም።

ሐኪም ቤት አልጋዋ አጠገብ ቆሞ «ይቅር በይኝ» ሊል አፉን ከፈተ።

«ጋሼ፣ ለምን አልጠየቅከኝም?» ቀደመችው።

«አንቺስ አፍ የለሽም?»

ከአፉ የወጣው ይኸው ነው። ወዲያው ሐኪሙ ገባ። አጥንቱ ይጋጠማል፤ የሁለት ጣቶቿ ጅማት ግን ተቆርጧል፣ እንደ ድሮው አይታጠፉም አለ።

ሐኪሙ ሲወጣ አናጺው ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። አሁን ይቅርታ ቢጠይቅ ስለ ጣቶቿ እንጂ ስለ ቀልዱ አይመስላትም። ቢሆንም ተናገረ።

«ትናንት በሰው ፊት ያልኩት… ልክ አልነበረም።»

እህቱ የተጠቀለለ እጇን አየች።

«ጠዋት ብትለኝ ኖሮ፣ ጋሼ» አለች።