የዳቦ ጋጋሪው ዜማ

«አቁሙ፣ አቁሙ!» አለ ኤርምያስ ሁለቱንም እጆቹን ከኪቦርዱ ላይ አንስቶ። «አሁንም አልመጣም።»

ጋሽ አበራ ሳክስፎናቸውን ከአፋቸው አላቀው ከንፈራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ከቡራዩ ሰበታ ድረስ ታክሲ ሲቀያይሩ ነው ያረፈዱት፤ አሁን ደግሞ ያቺኑ አንዲት ዜማ ለስንተኛ ጊዜ እንደሚደግሟት መቁጠር ትተዋል። ክራር ተጫዋቹ ዳዲ ግን የቸኮለ አይመስልም። ክራሩን ጭኑ ላይ አስደግፎ ኮርኒሱን እያየ ፈገግ ይላል።

ሦስቱም የሚተዋወቁት በሰርግ ሥራ ነው። ባለፈው ሳምንት እንኳ ሱሉልታ አንድ አዳራሽ ውስጥ አብረው ሲጫወቱ ውለዋል። በዚህች ቅዳሜ ከሰዓት በኤርምያስ ኪራይ ቤት ተሰብስበው የሚሠሩት ግን ማንም ሰርግ ላይ ሰምቶት የማያውቅ ነገር ነው፤ ድሮ ልጆች በቴሌቪዥን ይጫወቱት የነበረ የጌም ሙዚቃ። ነጭ ኮፍያ ያደረገ አጭር ሰውዬ ጣሪያ ለጣሪያ ሲሮጥ ከኋላው የሚንቆረቆር ዜማ። ካሴቱ ላይ የተጻፈው በቻይንኛ ስለነበር የሰበታ ልጆች ኮፍያውን ብቻ አይተው ፈረዱና ጌሙ «ዳቦ ጋጋሪው» ተብሎ ቀረ።

«ልጄ፣ ምኑ ነው ያልመጣው?» አሉ ጋሽ አበራ። «ስልክህ ላይ ያሰማኸኝን ድምፅ በድምፅ አውጥቼልሃለሁ። የጨመርኩት ወይ የቀነስኩት ካለ ንገረኝ።»

«ዜማውማ ልክ ነው፣ ጋሽ አበራ። ምቱ ነው የጠፋው።»

«የቱ ምት? ስልኩ ላይ እኮ ከዜማው በቀር ምንም የለም!»

«ስልኩ ላይ የለም። ጌሙ ላይ ግን ነበረ፤ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። እንዲህ የሚያነክስ ነገር…» ብሎ ጠረጴዛውን በጣቶቹ መታ። ጧ፣ ጧ-ጧ። ጧ፣ ጧ-ጧ። ወዲያው ራሱም ተጠራጠረና ተወው።

«ችክችካ እናድርገውና እንገላገል» አሉ ጋሽ አበራ። « ሰርግ አይደል? ሰው ይጨፍርበታል።»

«ሰው እንዲጨፍርበት አይደለም እኮ የምሠራው!»

ይህን ሲል ድምፁ ከፍ ብሎ ወጣ፤ በትልቅ ሰው ላይ መጮሁ አሳፈረውና አንገቱን ደፋ። ጋሽ አበራ አልተቀየሙም። ሰርግ ሲቃረብ የሙሽራ ወንድም ምን እንደሚመስል ብዙ አይተዋል።

የሚሠራው በልጅነታቸው ጌም ቤት አብራው ትውል ለነበረችው ለታናሽ እህቱ ለሩቲ ነበር። ሩቲ በሳምንቱ እሑድ ትዳራለች፤ የባሏ የያቤጽ ሥራ ሐዋሳ ስለሆነ ከሰርጉ በኋላ ይዟት ይሄዳል። አባታቸው በሕይወት የሉምና ማይክ ይዞ ንግግር ማድረግ ያለበት ኤርምያስ ነው። ኤርምያስ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ የፕላስቲክ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ፣ ቅዳሜና እሑድን ከኪቦርድ ጀርባ ተደብቆ የሚያሳልፍ ሰው ነው። ማይክ ሲሰጡት ምላሱ ይተሳሰራል። እወድሻለሁ፣ ትናፍቂኛለሽ ማለት ለእሱ የሚሞከር አይደለም። ስለዚህ ሙዚቃው ይናገርልኝ አለ። ሩቲ በቬሎዋ ከአዳራሹ በር ስትገባ ዳቦ ጋጋሪው መሮጥ ይጀምራል፤ እሷም ክው ብላ ትቆማለች፤ ከዚያ ሁሉ እንግዳ መሀል ነገሩ የሚገባት እሷ ብቻ ትሆናለች። የፈለገው ይህን ብቻ ነው። ካላወቀችው ግን ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ዋናውን ቅጂ ኢንተርኔት ላይ ያገኘው ከብዙ ፍለጋ በኋላ ነበር። ያገኘ ዕለት ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ከፍቶ ሲሰማው ግን ቅር አለው። ዜማው ያው ነው፤ ነገር ግን ጨው እንደረሱበት ወጥ ሆነበት። እሱን ራሱን ያላስደነገጠው ሙዚቃ ሩቲን እንዴት ያስደነግጣታል?

«ቆይ እስቲ» አለ ዳዲ። «የምትጫወቱበት ጌም ቤት የት ነበር?»

«የእትዬ ብርሃነሽ ነዋ፤ እዚሁ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ። አሁን ሞባይል መጠገኛ ሆኗል።»

«እሱን አይደለም። ከምን አጠገብ ነበር?»

«ከኦቦ ጉታ ወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራ ነበር። ምነው?»

ዳዲ ክራሩን ቀስ አድርጎ ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው።

«ምን ያስቅሃል?»

«ወፍጮ ነዋ፣ ኤርሚ! ያንተ ከበሮ እኮ ወፍጮ ነው! ሰውዬው ጣሪያ ላይ ሲሮጥ ኦቦ ጉታ በግድግዳው ማዶ ጤፍ ይፈጩለታል!»

ኤርምያስ መጀመሪያ ተናደደ። ይህን ሁሉ ዓመት ከልቡ የያዘው ነገር የወፍጮ ድምፅ ነው ሲባል ማን ደስ ይለዋል? ሊመልስለት አፉን ሲከፍት ግን አንድ ነገር ትዝ አለው። እሑድ እሑድ ጌሙ ይቀዘቅዝባቸው ነበር። ምን እንደጎደለ ሳያውቁ «ካሴቱ አቧራ ይዟል» እያሉ ነቅለው፣ ተራ በተራ እፍ ብለውበት፣ መልሰው ይሰኩት ነበር። ለካ እሑድ ወፍጮ አይሠራም።

«እሑድ…» አለና ሳቅ አላስጨርስህ አለው። ሲነግራቸው ጋሽ አበራም በሳል እስኪያዙ ድረስ ሳቁ።

ወፍጮው ዛሬም እዚያው ቦታው ላይ ነበር። ባጃጅ ይዘው ሄዱ፤ ዳዲ ድምፁን በስልኩ ሊቀዳ፣ ጋሽ አበራ ደግሞ «ይህንንማ ሳላይ ቡራዩ አልመለስም» ብለው። ገና ከበሩ ሲደርሱ ግን ኤርምያስ ፊቱ ጠቆረ። ወፍጮው ወጥ በሆነ ድምፅ ይፈጫል። የሚያነክስ ነገር የለውም።

«አካም ኦልታን፣ ኦቦ ጉታ!» አለ ዳዲ በኦሮምኛ ጮክ ብሎ ሰላም ሲላቸው።

«ነጋ ዳ፣ ገለታ ዋቃ! ኮታ፣ ግቡ ልጆቼ!» ሽማግሌው ቅንድባቸው ድረስ ዱቄት ለብሰዋል። የመጡበትን ጉዳይ ሲሰሙ ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደባቸው፤ ሲገባቸው ደግሞ ጭናቸውን መቱ። «እሱማ የድሮው ቺንጋ ነው፤ መዘውሩን የሚያዞረው ቀበቶ! ተበጥሶብኝ ሁለት ቦታ ሰፋሁት። ስፌቱ መዘውሩ ላይ በደረሰ ቁጥር ይጮህ ነበር። አዲስ ካስገባሁ ስንት ዘመኔ! ተገላገልኩት።»

«እንዴት አድርጎ ነበር የሚጮኸው? ያስታውሱታል?» አለ ኤርምያስ።

«ምኑን አስታውሰዋለሁ? እንዳልሰማው ጆሮዬን በጨርቅ ጠቅጥቄ ነበር እኮ የምውለው!»

ኤርምያስ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። እዚያ የተደገፈ የእህል ጆንያ በመዳፉ መታ፤ ጧ፣ ጧ-ጧ። ደግሞ ሌላ ዓይነት ሞከረ፤ ጧ-ጧ፣ ጧ። ሁለቱም ልክ መሰሉት፤ ሁለቱም ደግሞ አልመሰሉትም። ይህን ድምፅ ያውቃል ብሎ የሚጠይቀው ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሷን ከጠየቀ ደግሞ ድንገተኛው ነገር አበቃ፤ በሩ ላይ ክው ማለቷ ቀረ። ስልኩን አወጣ፣ መልሶ ኪሱ ከተተው፣ እንደገና አወጣው። የተሳሳተ ነገር ተጫውቶ ከሚያስደንቃት እውነተኛውን አውቃው ብትጠብቅ ይሻላል አለና ደወለ። ሌሎቹም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«ሩቲ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለምን እንዳትይኝ ግን።»

«ለምን?»

«ኤጭ! ስሚኝ። እትዬ ብርሃነሽ ቤት፣ ዳቦ ጋጋሪው ሲሮጥ፣ ከሥር የነበረው ምት ትዝ ይልሻል?»

«የወፍጮው?»

ዳዲ በሳቅ ግድግዳው ላይ ተደገፈ።

«አንቺ ወፍጮ መሆኑን ታውቂ ነበር?»

«አንተ አታውቅም ነበር? ኤርሚ፣ ሙች በለኝ!»

«ተይው እሱን። ምቺልኝ እስቲ።»

ከዚያ ወገን የሴቶች ጫጫታ ይሰማል። ሩቲ «አንዴ ዝም በሉ» ስትል ተሰማ፤ ቀጥሎ ሳጥን ይሁን ጠረጴዛ በእጇ ስትመታ። ጧ-ጧ። ረዘም ያለ ዝምታ። ጧ። ወዲያው ደግሞ ጧ-ጧ። ከኤርምያስ የጠፋው ያ ዝምታ ነበር። ሳታመነታ፣ ሳትቸኩል እየደጋገመች መታች፤ የጋሽ አበራ ጫማ ሳያውቁት መሬቱን መምታት ጀመረ። ዳዲ ስልኩን አውጥቶ ይቀዳል። ኤርምያስ ዓይኖቹ እንባ አቀረሩ፤ አልደበቀውም።

«እኔ ለምን ጠፋብኝ?» አለ ስትጨርስ።

«አንተማ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጠህ ምን ትሰማለህ? እኔ ትንሽ ስለነበርኩ ግድግዳው ሥር ነበር የምታስቀምጡኝ። በጀርባዬ ነው የሰማሁት። እንቅልፍ ሁሉ ይወስደኝ ነበር።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ኤርሚ… ለሰርጌ ነው?»

መዋሸት አልቻለበትም። «ቀድመሽ እንድትሰሚ አልፈለግኩም ነበር» አለ።

ሩቲ አፍንጫዋን ስትስብ ብቻ ተሰማ።

«ቀድቼዋለሁ» አለ ዳዲ በሹክሹክታ።

«በቃ፣ ኪቦርዱ ላይ ጫነውና አለቀ» አሉ ጋሽ አበራ እፎይ ብለው። «ራሱ ይመታል። እኛ ከላይ እንጫወታለን።»

ኤርምያስ የዳዲን ስልክ አየ፤ የራሱን ስልክ አየ። ለስንቱ ሙሽራ በማሽን ከበሮ ተጫውቷል!

«አይ፣ ማሽኑ ይቅር» አለ። «ሩቲ፣ ቬሎ ለብሶ ከበሮ መምታት ይቻላል?»

«ምን?»

«ከበሮውን አንቺ ነሽ የምትመቺው።»

«እማዬ ትገድለኛለች!»

«እማዬን ለእኔ ተይልኝ።»

«ሰዉስ? ሙሽራ በገዛ ሰርጓ ከበሮ መታች ሲሉኝ?»

«ይበሉ።»

መስመሩ ላይ ጫጫታው ተመልሶ መጣ፤ አንዷ «ምንድን ነው የሚልሽ?» ትላለች። ሩቲ ከጫጫታው ፈቀቅ አለች።

«ገና በሩ ላይ እንደቆምኩ ነው ወይስ ከተቀመጥኩ በኋላ?» አለች።

«በሩ ላይ።»

ጋሽ አበራ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይሄ ዛሬ የሠሩትን ሁሉ እንደገና ማፍረስ ነው። ቢሆንም ፊታቸው ላይ የቁጣ ምልክት አልነበረም።

«እሺ፣ እንግዲህ የእኔ መግቢያ የት ጋ ነው?»

«ከእሷ በኋላ ነው፣ ጋሽ አበራ» አለ ኤርምያስ። «እሷ ሳትጀምር ማናችንም አንጀምርም።»