ሽማግሌ የሌለበት ፊልም

አራጌ ፊልም የሚያይ ሰው አይደለም። መካነ ሰላም ላይ ሃያ ዓመት ልብስ ሲሰፋ የኖረ፣ ቴሌቪዥን ሲከፈት እንቅልፉ የሚመጣበት ሰው ነው። ልጁ እሌኒ ከዱባይ የላከችው ያ ትልቅ ቴሌቪዥን እንኳ የሚስቱ የብርሀንነሽ እንጂ የእሱ አይደለም። ያን እሁድ ከሰዓት ግን የአፄ ቴዎድሮስን ዘመን የሚያሳይ የበቀል ፊልም መጣና አራጌ ከወንበሩ ሳይነቃነቅ ጨረሰው።

ነገሩ ሳይነካው አልቀረም። ታላቅ ወንድሙ አለምነው በከላላ ከተማ ገበያ ላይ በጠብ ከተገደለ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ገዳዩ በፍቃዱ እስሩን ጨርሶ ከወጣ ወዲህ ጋሽ ኪዳነማርያምና ሼህ አሕመድኑር ለእርቅ ሦስት ጊዜ መጥተው ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ አራጌ ጓዳ ተቀምጦ ብርሀንነሽን «የለም በያቸው» አላት። እስከ ዛሬ ሁለቱ ቤተሰቦች ለቅሶ እንኳ አይደራረሱም።

ማክሰኞ ሲደርስ ፊልሙን ከአራጌ አፍ ያልሰማ ደንበኛ አልነበረም። አንድ ባላባት አባቱን የገደለበት ጎልማሳ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ገዳዩን ከመቅደላ ሥር እስከ ዓባይ በረሃ ያሳድደዋል። አራጌ ሱሪ እየለካ ይተርካል፤ መቀሱን ጎራዴ አድርጎ ያሳያል። ተዋናዩን ከዓይን ያውጣው ብሎ መረቀው። ጭጋጉን አደነቀ፣ ገደሉን አደነቀ፤ ፈረሱ ያለ ጌታው ብቻውን ሲመለስ እንባው እንደመጣም አልደበቀም። በስፌት ነገር ግን ማን ይችለዋል? የጎልማሳው እጀ ጠባብ በመኪና የተሰፋ መሆኑን ገና ከሩቅ ደርሶበታል። ፊልሙ ስለጣመው ግን ይህንንም ይቅር ብሏል።

አልዋጥ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም ምሳ ላይ ለብርሀንነሽ ነገራት።

«ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ሽማግሌ አይመጣም? ይሄ የት አገር ነው? እኛ ዘንድ ቢሆን ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌ ደጁን ያጣብበው ነበር። ሌላው ሌላው ግሩም ነው፤ ይህችን ግን አላወቁባትም።»

ብርሀንነሽ የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ ትሪው ላይ አኖረችው።

«ምናልባት መጥተው ይሆናል» አለች ቀስ ብላ። «ሚስቱ የለም ብላ መልሳቸው ይሆናል። እሱን ማን ይቀርፀዋል?»

አራጌ መጀመሪያ ተናደደ። ከዚያ አፈረ፤ ዓይኗን ማየት አቃተው። ምሳውን ሳይጨርስ እጁን ታጥቦ ወጣ፤ ሱቁን ግን አልከፈተም፤ በሱቁ በር አልፎ ቁልቁል ሄደ።

ጋሽ ኪዳነማርያም ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ሲያዩት ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«ምን እግር ጣለህ ልጄ?»

«ለአራተኛ ጊዜ እንዳትደክሙ ብዬ ነው» አለ አራጌ። «ሼህ አሕመድኑርን ያስጠሩልኝ። ዛሬ ቤት አለሁ።»