በስተቀኝ በር ያለው አውሮፕላን

«አንዴ እንኳ ተቀመጪ እንጂ» አለች አክስቷ፣ ቴርሞሱን ከእጇ እየወሰደችባት። «ከቀብር ጀምሮ እንደቆምሽ ነው። እግርሽ የሰው እግር አይደለም?»

ልብስ ሰፊዋ ተቀመጠች። አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሳሎኑ ከጎረቤት በተዋሷቸው ወንበሮች ተጨናንቋል። ለቀስተኛው ቡናውን ይዞ በሹክሹክታ ያወራል፤ ስለ ሟች የጀመረው ሁሉ በራሱ ጉልበት ሕመም ይጨርሳል። እሷ አንዱንም አልሰማችም። ሦስት ቀን ሙሉ የሚከነክናት ነገር አንድ ነው፦ አባባ አምኖልኝ ነው የሞተው ወይስ እንደተቀየመኝ?

አባቷ አርባ ዓመት የአውሮፕላን መካኒክ ነበር። ጡረታ ሲወጣ እጁ ሥራ ፈታና ዓይኑ ሥራ ያዘ። ሰዎች የአባት የአያታቸውን አሮጌ ፎቶ እየላኩ፣ ከኋላ የቆመው አውሮፕላን ምን እንደሆነ ይጠይቁታል። እሱ ደግሞ የጎማውን እግር፣ የጭስ ማውጫውን፣ የመስኮቱን ቅርጽ በአጉሊ መነጽር ይመረምርና መልሱን ይልክላቸዋል። ለራሱ ቅጂ ያስቀራል፤ በጀርባው የአውሮፕላኑን ስም በእርሳስ ጽፎ መኝታ ቤቱ ባለው ሣጥን ያኖረዋል። ሁለት ሦስት ብቻ ተሠርቶ የቀረ፣ ማንም የማያውቀው ዓይነት የመጣለት ቀን ምሳውን ይረሳል።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ፎቶ መጣ። ኮት የለበሰ ሰውዬ አውሮፕላን አጠገብ ቆሟል፤ የአውሮፕላኑ በር በስተቀኝ ነው።

«በስተቀኝ በር ያለው ሁለት ብቻ ነው የተሠራው» አለ አባቷ። ምሳውን ረስቶ ነበር። ወዳጁ ፎቶ አንሺው፣ ሰፈሩ ጋሽ ብልጭ የሚለው፣ አጠገቡ ተቀምጧል።

እሷን ምን አገባት? አፏ ግን አላርፍ አለ።

«አባባ፣ የሰውየው ኮት እንደ ሴት ነው የተቆለፈው። የወንድ ኮት ቁልፉ በቀኝ በኩል ነው የሚተከለው። ፎቶው ሲታተም ቀኙ ግራ ሆኖ ተገልብጧል። በሩም በስተግራ ነው ማለት ነው።»

ጋሽ ብልጭ ፎቶውን ተቀብሎ አየና አቀረቀረ። በሩ በስተግራ ከሆነ በየሜዳው የሞላ ተራ አውሮፕላን ነው።

«አንቺ ሄደሽ ቁልፍሽን ትከዪ» አላት አባቷ። ከዚያ ወዲህ ነገራቸው «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ» ብቻ ሆኖ ቀረ።

ከሰዓት ላይ ጋሽ ብልጭ ሊያጽናና መጣ። ቡናውን ሳይነካው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ሣጥኑን አየሽው?»

«ምን ልሁን ብዬ?»

«እዪው ልጄ።»

ወደ አባቷ መኝታ ቤት ገባች። ሣጥኑን ስትከፍት ያ ፎቶ ከላይ ነው። ገለበጠችው። የተሳሳተው ስም በአባቷ ድቡልቡል ጽሕፈት እንዳለ ተቀምጧል፤ አልተሰረዘም። አልጋው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ማልቀስ ብቻም አይደለም፣ ተናደደችበት። ሞቶም ግትር ነው።

«ያን ተዪውና የታቹን አገላብጪ» አለ ጋሽ ብልጭ ከበሩ።

አገላበጠች። ከዚያ ቀን በኋላ የመጡት ሁሉ፣ ሃምሳ ይሆናሉ፣ አንዳቸው ሳይቀሩ ምልክት አላቸው። የቆሙት ወንዶች ኮት ቁልፍ በቀጭን እርሳስ ተከቧል። አንዱ ፎቶ ላይ ቱታ የለበሰ መካኒክ ብቻ ነው ያለው፤ ከጀርባው «ቁልፍ የለውም፤ ተጠንቀቅ» ይላል። ልቅሶዋ መሃል ሳቅ አመለጣት።

«ያንን አርም ብለው እምቢ አለኝ» አለ ጋሽ ብልጭ። «ግን ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ቁልፉን ነበር የሚያየው። ክንፉን ከዚያ በኋላ ነው።»

«ታዲያ ለምን ለእኔ አልነገረኝም?»

«እሱ? ይኸው ሞቶ ነገረሽ።»

ጋሽ ብልጭ ወደ ሳሎን ተመለሰ። ከሣጥኑ ሥር ያልተከፈተ ፖስታ አገኘች፤ የፖስታ ቤቱ ማኅተም አባቷ የሞተበትን ሳምንት ያሳያል። ውስጡ አንድ ፎቶ አለ፦ ኮት የለበሰ ወጣትና አፍንጫው ደፍጠጥ ያለ አውሮፕላን። ጀርባው ባዶ ነው። የአውሮፕላኑን ስም አታውቀውም፤ ከእንግዲህ የምትጠይቀውም የለም።

«ሰው መጥቷል፣ ነይ» አለች አክስቷ ከሳሎን።

«መጣሁ» አለች። ከአባቷ የመነጽር ቤት ውስጥ ቁራጭ እርሳሱን አወጣች፣ ፎቶውን ጉልበቷ ላይ አስተካከለችና የወጣቱን ኮት ቁልፍ በቀጭኑ ከበበችው።