ዜሮ ኪሎ ሜትር

ፋብሪካው ውስጥ «ጭስ ቆጣሪዋ» ይሉኛል። ስሙን ያወጣልኝ የሰርቪሱ ሹፌር ነው፤ ጠዋት ጠዋት ስሳፈር «ዛሬስ ስንት ቆጠርሽ?» ሳይለኝ ማርሽ አያስገባም። መጀመሪያ ላይ ያናድደኝ ነበር፣ ኋላ ለመድኩት። ውሸትም የለበትም። ይህ የብርድ ልብስ ፋብሪካ በዓመት ስንት ቶን ሙቀት አማቂ ጋዝ ወደ አየር እንደሚለቅ ቆጥሬ፣ ጽፌ፣ ከውጭ በሚመጣ ኦዲተር አስመርምሬ እንዳስረክብ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ትልልቆቹ ደንበኞቻችን «የልቀት ቆጠራ የሌለው ፋብሪካ ዕቃ አንወስድም» ስላሉ ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ «ነገሩ አንቺ ላይ ወድቋል» አለኝ። ለእሱ ለመናገር ቀላል ነበር።

ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ረቂቅ ሳይንስ ይመስላል። ቀርበው ሲያዩት ግን ሰው እየዞሩ መለመን ነው። ቦይለሩ ስንት ሊትር አቃጠለ? ጄኔሬተሩ ስንት ሰዓት ሠራ? የየክፍሉ መብራት ምን ያህል ነው? የቦይለር ክፍሉ መዝገብ በዘይት ርሶ ገጾቹ ተጣብቀው ነበር። የጋራዡ ኃላፊ ደግሞ «እኛ መኪና እንጠግናለን እንጂ ታሪክ አንጽፍም» ብሎ ከነወረቀቴ አሰናበተኝ። በሁለተኛው ሳምንት ሽንት ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ፤ አልደብቅም።

ከዚያ ጣጣ ያወጡኝ የመጋዘኑ ኃላፊ ናቸው። ሠራተኛው ሁሉ «ጋሽ ቁልፍ» ነው የሚላቸው። ወገባቸው ላይ ከሃያ የማያንስ ቁልፍ ስለሚያንጠለጥሉ ከመታየታቸው በፊት ይሰማሉ። ጡረታቸው የተቃረበ፣ ቀጭን፣ የሸሚዛቸው እጥፋት የማይጠፋ ሰው ናቸው። የአሥር ዓመት የነዳጅ መውጫ ወረቀት በወር በወር አስረው አስቀምጠዋል፤ ያሰሩበትም ከብርድ ልብስ የተረፈ ክር ነው፣ ለየዓመቱ የራሱ ቀለም።

«የትኛውን ዓመት ነው የፈለግሽው፣ ልጄ?»

«መነሻ ዓመት የምንለው የዛሬ አምስት ዓመቱን ነው፣ ጋሼ።»

«እሱ ሰማያዊው ነው» ብለው መሰላሉ ላይ ወጡ።

ወረቀቶቹን ሳገላብጥ በአንደኛው ላይ ሊትሩ የበዛ መሰለኝና «ይኼ ልክ ነው?» አልኳቸው። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ፈርሜበታለሁ እኮ» አሉ። አልተቆጡም፤ ግን እኔ ዳግመኛ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠየቅኋቸውም።

ከዚያ በኋላ ለየክፍሉ የመብራት ቅጽ አደልኩ፤ ምን ዕቃ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደተበራ በየቀኑ የሚሞላበት። ሌላው ክፍል አንዱን ሳምንት ቢያመጣ ሁለቱን ይዘላል። ጋሽ ቁልፍ ግን አራት ወር ሙሉ ዓርብ ዓርብ ሳያዛንፉ ያመጡልኛል። እኔም «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ተቀብዬ፣ ከታች ያለውን ድምር ወደ ኮምፒውተሬ ገልብጬ፣ ወረቀቱን ፋይል ውስጥ እከተዋለሁ።

የመጨረሻው ሥራ የሠራተኛው መመላለሻ ነበር። ሰው ከቤቱ ወደ ሥራ ሲመጣና ሲመለስ የሚወጣው ጭስም ከቆጠራው ይገባል። ለአራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ቅጽ በተንኩ። ጥያቄው ሦስት ብቻ ነው፤ ቤትዎ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ በምን ይመጣሉ፣ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣሉ። አንዷ ፈታይ «በምን ይመጣሉ» ለሚለው «በግድ» ብላ መለሰች። አንዱ መካኒክ ርቀቱን «ለእኔ ሩቅ ነው» ብሎ ጻፈ። ብቻዬን እየሳቅሁ ስገለብጥ ዋልኩና የጋሽ ቁልፍ ቅጽ ላይ ደረስኩ። በዚያ ልቅም ባለ እጅ ጽሑፋቸው፣ ርቀት፦ 0። በምን፦ በእግር። በሳምንት፦ 7 ቀን። ከታች ፊርማ።

በዚህም ሳቅሁ። «ጋሼም አረጁ» አልኩ ለራሴ። አሁን ሳስታውሰው ምላሴን ይቁረጠው እላለሁ። በሰው ኃይል መዝገብ ላይ ቤታቸው ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ይርቃል። ኦዲተሩ ሐሙስ ይገባል፤ እንዲህ ያለ ወጣ ያለ ቁጥር አንድ ካገኘ ደግሞ ሠንጠረዡን በሙሉ ነው የሚጠራጠረው። ስለዚህ ግራ ያጋቡኝን ሰባት ስሞች ቢጫ ቀብቼ «አጣሩልኝ» ብዬ ለሰው ኃይል ላክሁ፤ ለሥራ አስኪያጁም በግልባጭ። ከቢሮዬ እስከ መጋዘኑ ስልሳ እርምጃ ነው፤ በኋላ ቆጥሬዋለሁ። ሄጄ «ጋሼ፣ ይቺ ዜሮ ምንድን ናት?» ብላቸው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ኢሜይሉ ይፈጥናል ብዬ ከወንበሬ አልተነሳሁም።

ማክሰኞ ጠዋት መጋዘኑ በር ላይ ሰው ተሰብስቦ አገኘሁ። ሥራ አስኪያጁ፣ የሰው ኃይል ኃላፊዋና ሁለት ጥበቃዎች ውስጥ ነበሩ። ሰው ገፍቼ ገባሁ። ከመጨረሻው መደርደሪያ ጀርባ፣ በካርቶኖቹ መሃል፣ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ተጠርጓል። የተዘረጋ ካርቶን፣ በላዩ ብርድ ልብስ፣ አንድ አምፖል፣ አንድ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ። ሁለት ሸሚዞች ከከባድ ጥቅል ሥር ተጭነዋል፤ እጥፋታቸው የማይጠፋው ለካ በዚህ ነው። ግድግዳው ላይ የባለቤታቸው ፎቶ አለ። ብርድ ልብሱ ላይ ትንሽ ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ተይዛለች፤ «በውሰት የወጣ፣ አንድ፣ ሁለተኛ ደረጃ» ትላለች። የሰጪውም የተቀባዩም ፊርማ የሳቸው ነው።

ማንም አልጮኸባቸውም። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም። «ጋሼ፣ በዚህ ሁሉ ሱፍና ጥጥ መሃል እሳት ቢነሳስ?» አላቸው፤ እውነቱን ነው። የሦስት ሳምንት ዕረፍት ሰጣቸው። «ቤትዎ ገብተው ይረፉ፣ ከዚያ እንነጋገራለን» ብሎ ቁልፎቹን ጠየቃቸው። ጋሽ ቁልፍ ከወገባቸው ሊፈቱት ቢታገሉ ቋጠሮው አልላላ ብሏቸው አንዱ ጥበቃ ፈታላቸው።

ሰው ሲበተን እኔ ቀረሁ። ዕቃቸውን ፌስታል ውስጥ ይከታሉ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አልኳቸው። «አጣሩልኝ ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ምናለ ዘጠኝ ብለው ቢጽፉ? ማን ያውቅብዎት ነበር?»

«ይፈረምበታል እኮ፣ ልጄ። እኔ ደግሞ ውሸት ጽፌ ፈርሜ አላውቅም።»

ፎቶውን ከግድግዳው አንስተው በሸሚዙ ጠቀለሉት። «እሷ ካረፈች ዓመት ከሁለት ወር ሆናት» አሉ። «በሩን ስከፍት ከጓዳ ሆና 'መጣህ?' ትለኝ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ። አሁን ቁልፉን አዞርና እቆማለሁ፣ ምንም የለም። አንድ ቀን እግሬ አልገባም አለኝ፤ ተመልሼ ወደዚህ መጣሁ። እዚህ ቢያንስ ጠዋት ላይ ክር ፈላጊውም፣ ጓንት ፈላጊውም 'ጋሼ፣ አሉ?' እያለ ይመጣል።»

«እኔ ቤት ይምጡ» አልኳቸው፣ ሳላስበው።

«ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አምስት ሆናችሁ የት ታደርጊኛለሽ? ጭስ አድርገሽ ካልለቀቅሽኝ በቀር» ብለው ሊያስቁኝ ሞከሩ። እኔ ግን ማልቀስ ጀምሬ ነበር።

«እሑድ መጥቼ አይዎታለሁ። እሑድ በእርግጠኝነት።»

«ነይ እሺ። እሑድ እጠብቅሻለሁ።» ፌስታላቸውን አንጠልጥለው ጥቂት ከሄዱ በኋላ ዞር አሉ። «ደብቄሽ አይደለም እኮ። ዓርብ ዓርብ እጽፍልሽ ነበር።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ ቢሮዬ ተመልሼ የመጋዘኑን የመብራት ቅጾች ስዘረጋ ነው። «ከምሽቱ አንድ እስከ ሦስት፣ አንድ አምፖል። ንጋት፣ ውሃ ማፍያ፣ ስድስት ደቂቃ።» በማግሥቱም እንዲሁ። በማግሥቱም። እሑድን ጨምሮ፣ አራት ወር ሙሉ። አንዱ ላይ «ውሃ ማፍያ፣ ሁለት ጊዜ። ብርዱ ከፍቶ ነበር» ይላል። ሰውየው እዚህ እንደሚያድሩ በየሳምንቱ በእጄ ላይ ሲያስቀምጡልኝ እኔ የማነበው ድምሩን ብቻ ነበር።

ያም ሆኖ ሠንጠረዡ መሞላት ነበረበት። ሰው ኃይል የሰጡኝን አስገባሁ፤ 9 ኪሎ ሜትር፣ ሰርቪስ፣ 6 ቀን። መሄጃና መመለሻ ነውና ኮምፒውተሩ ራሱ በሁለት አባዛው፣ ቀጥሎ በዓመቱ የሥራ ቀናት። ሐሙስ የመጣው ኦዲተር ሁለት ቀን ሲመረምር ቆይቶ «እንዲህ የጠራ የመመላለሻ መረጃ ብዙ ጊዜ አላይም» ብሎ አመሰገነኝ። ጥቃቅን አስተያየቶቹን እስከ ሰኞ ጠዋት መልሺልኝ አለ። እሑድ ሙሉ ቀን ተቀምጬ መለስኩለት። ለጋሽ ቁልፍ ስልክ እንኳ አልደወልኩም፤ የሚመጣው እሑድ እሄዳለሁ፣ አንድ ሳምንት ምን ያደርጋል አልኩ።

ሰኞ ሰርቪስ ውስጥ ስገባ ሹፌሩ ስንት እንደቆጠርኩ አልጠየቀኝም።

«ሰውዬሽን ያን ማክሰኞ ቤታቸው ካደረስኳቸው ወዲህ በየቀኑ አያቸዋለሁ» አለኝ። «ጠዋት ፌርማታው ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። በር ስከፍትላቸው 'ሂድ፣ እኔ ዕረፍት ላይ ነኝ' ይሉኛል። ማታ ሰው ላወርድ ስመለስም እዚያው ናቸው።»

ከረቡዕ ጀምሮ ደግሞ «ዛሬ የሉም» ይለኝ ነበር። ዘመድ ጋ ሄደው ይሆናል ተባባልን።

በሁለተኛው እሑድ ሄድኩ። ግቢው ጠባብ ነው፣ ልብስ የተሰጣበት፣ ሦስት በሮች ያሉት። የመካከለኛው በር ገርበብ ብሏል። ጎረቤታቸው፣ ጠና ያሉ ሴት፣ ልብስ ሲያወርዱ አገኘኋቸው።

«ጋሼ አሉ?» አልኳቸው።

«ልጃቸው ነሽ?»

«አይ፣ የሥራ ባልደረባቸው ነኝ።»

ያወረዱትን ልብስ ደረታቸው ላይ ታቅፈው ቀረብ አሉኝ። «ዘገየሽ፣ እናቴ» አሉኝ። «ትናንት ቀበርናቸው። ለመሥሪያ ቤታቸው እንዳንናገር ስልኩን አናውቅም።»

አጠገባቸው ካለው በርጩማ ላይ አስቀመጡኝና ቀስ ብለው ነገሩኝ። ጋሽ ቁልፍ ከመጋዘኑ በወጡበት ማክሰኞ ፌስታላቸውን ይዘው መጡ፣ በሩን ከፈቱ፣ ቆሙ፣ ከዚያ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ። «'ይግቡ እንጂ፣ ይበርድዎታል' ስላቸው 'እሺ፣ አሁን' ይሉኛል። 'እኛ ጋ ይደሩ' ብላቸው እንቢ አሉ። ያን ሁሉ ሌሊት ብርዱን እዚያው ተቀምጠው ነው ያሳለፉት። ባለፈው ማክሰኞ ሳሉ፣ ሳሉ፣ ትንፋሽ አጠራቸው። ሐኪም ቤት ስናደርሳቸው የሳንባ ምች ነው አሉን። ዓርብ ዐረፉ።»

«ምንም አላሉም?»

«ምን ይላሉ። ብቻ ያለፈው እሑድ ደህና ነበሩ። ሰው ይመጣብኛል ብለው ፊታቸውን ተላጭተው፣ ሸሚዝ ቀይረው፣ ከእኔም አንድ ወንበር ተውሰው አጠገባቸው አስቀመጡ። እስኪመሽ ድረስ ሲጠብቁ ዋሉ። ማን ይሁን የሚመጣው፣ አላውቅም።»

እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። ተነስቼ ወደ በሩ ሄድኩ። ፌስታሉ ደፉ ላይ እንዳለ ነው፤ ፎቶው በሸሚዝ እንደተጠቀለለ ከላይ ይታያል። ወደ ውስጥ አየሁ። ወለሉን የዓመት አቧራ ሸፍኖታል፣ አንድ የእግር ዱካ የለበትም። ፎቶውን አውጥቼ፣ ጫማዬን አውልቄ ገባሁና ከጓዳው በር አጠገብ አቆምኩት። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ሰኞ በማለዳ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። ስለ ጋሽ ቁልፍ ስነግረው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ምን እናድርግ?» አለኝ።

«ሪፖርቱን ልክፈተው። የእሳቸው ቁጥር ልክ አይደለም።»

«ስንት ይለውጣል?»

«ጥቂት ኪሎ። ከጠቅላላው ጋር ሲተያይ የለም ማለት ነው።»

«እንግዲያው ኦዲተሩም አይቀበልሽም» አለኝ፣ በርኅራኄ። «ሪፖርቱ ተፈርሟል። ምንም አይለውጥም።»

ምንም እንደማይለውጥ ከእሱ የበለጠ አውቃለሁ። ሊዘነጋ የሚችለውን ስህተት መጠን ራሴ ነኝ ያሰላሁት። ቢሮዬ ገብቼ በእኔ እጅ ያለውን ሠንጠረዥ ከፈትኩ። ከእሳቸው ስም ትይዩ ያለውን ዘጠኝ ሰረዝኩና የጻፉትን መለስኩ። 0፣ በእግር፣ 7 ቀን። ከሥሩ አንድ አዲስ መሥመር ጨመርኩ፤ ማክሰኞ፣ በሰርቪስ፣ ከመጋዘን ወደ ቤት። ኮምፒውተሩ እንደ ልማዱ በሁለት አባዛው። ሁለቷን አጠፋሁ። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር፣ መሄጃ ብቻ። ገጹን አትሜ በሰማያዊ ክር አሰርኩት፤ ከታችም ፈረምኩበት።