የቀረው ብረት

በድሬ ዳዋ ላብ ነውር አይደለም። በግንቦት ቀትር ከመጋላ ተነሥቶ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ከዚራ ሲደርስ ሸሚዙ ያልረጠበ ሰው ካለ፣ የታመመው እሱ ነው። ስለዚህ ኪንሲ ሰባት ዓመት ሙሉ ከውስጧ በሚነሣ እሳት ስትቃጠል ማንም ልብ ብሎ አላያትም። መጋላ ውስጥ ጨርቅ እየሸጠች፣ መለኪያ ሜትሯን አስቀምጣ ወደ ጥላው ስትሸሽ፣ ገዢዎቿ ዘንድሮስ ሙቀቱ ለጉድ ነው ብለው ይስማሙላታል።

እሷ ግን የራሷን ሙቀት ከፀሐዩ ለይታ ታውቀዋለች። የፀሐይ ሙቀት ከላይ ይመጣል። የእሷ የሚነሣው ከእምብርቷ በታች ካለው ረጅም ጠባሳ ነው፤ ደረቷን አልፎ፣ አንገቷን አንቆ፣ እስከ ጆሮዋ ጫፍ ይደርሳል። ልቧ ይደልቃል። ከዚያ ላቡ ይወርዳል፣ ከላቡ በኋላ ደግሞ ብርድ ብርድ ይላታል። ምን እንደሆነም ታውቃለች። ብረቱ ነው።

ብረቱ የገባው በስልሳ ዘጠኝ ነሐሴ፣ ከተማው በመድፍ ሲደበደብ ነው። ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ የስድስት ወር ነፍሰ ጡርም ነበረች። ከጓሮ ልብስ ስታወርድ የሆነ ነገር አነሣትና ጣላት። ስትነቃ ሆስፒታል ናት፤ ሆዷ ተሰፍቷል፤ ሕፃኑ የለም። የቀደዳት ሐኪም የውጭ አገር ሰው ነበር። ሐኪሙ ለአስተርጓሚው ይናገራል፣ አስተርጓሚው በአማርኛ ለባሏ ለፋራህ፣ ፋራህ ደግሞ በሶማልኛ ለእሷ። በሦስተኛው ቀን ያ እሳት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣባት ምን እንደሚያቃጥላት ጠየቀችው። ፋራህ ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ አንዲት የመድፍ ፍንጣሪ ማውጣት አቅቷቸው ሆዷ ውስጥ እንደቀረች፣ ሙቀቱም ከእሷ እንደሆነ ነገራት። በእንደዚያ ያለ ቀን ሰው የሰጡትን ይቀበላል። ተቀበለች።

ከዚያ ጦርነት በኋላ ድሬ ላይ ብረት መሸከም ብርቅ አልነበረም። ወንዶቹ ጫት ላይ ተቀምጠው አንዱ የአንዱን ክንድ እየነካ፣ ከቆዳ ሥር የምትንከባለለውን ፍንጣሪ እንደ ሎሚ ፍሬ ይዳብሳሉ። ስለ ብረትም ሁሉም ሊቅ ነው። ብረት በሥጋ ውስጥ ይሄዳል ይላሉ። በብርድ ይተኛል፣ በሙቀት ይነቃል፤ ልብ ላይ የደረሰ ቀን አበቃ። ኪንሲ ይህን ሁሉ ከመጋረጃ ወዲህ ሆና ሰማች፤ አንዱንም አልረሳችም።

ኑሮዋን በብረቱ ልክ ሰፋችው። ወደ ልቧ እንዳይንከባለል በቀኝ ጎኗ ብቻ ትተኛለች። ቀትር ላይ ከቤት አትወጣም። ከአየር ማረፊያው የጦር ጄት ሲነሣ ፍርሃቱና እሳቱ እኩል ይመጡባታል፤ የትኛው የትኛውን እንደቀሰቀሰ አታውቅም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ የሷ እባብ ግን ሆዷ ውስጥ ነው ያለው፣ ወዴት ትሽሽ?

ደሟም ከዚያ ቀን ወዲህ ቀርቷል። የሰፈር ሴቶች ድንጋጤ ነው አሏት፤ ድንጋጤ ደም ያቆማል፣ አንድ ቀን ይመለሳል። ረመዳን ሲመጣ ሌሎቹ በወር አበባቸው ያልጾሙትን ቀን በኋላ ቀዳ እያወጡ ሲተኩ፣ ኪንሲ ሠላሳውን ቀን ሳታቋርጥ ትጾማለች። ይቀኑባታል። እሷ ግን በሠላሳኛው ቀን ማታ ደሟ ባለመምጣቱ ታለቅሳለች፤ ደም ከሌለ ልጅ የለማ። የፋራህ እናት በየዓመቱ ሁለተኛ ሚስት እንዲያገባ ትነግረዋለች፤ እሱ በየዓመቱ እንቢ ይላል። ኪንሲ በዚህ ትኮራለች። አላህ የሰጠኝ ባል ነው ትላለች።

እንዲህ ሆኖ ሰባት ዓመት ሄደ። ከዚያ ኢስሃቅ ሞተ።

ኢስሃቅ ከፋራህ ጋር በባቡሩ ጥገና ክፍል የሚሠራ ብየዳ አዋቂ ነበር። ጭኑ ውስጥ ፍንጣሪ ነበረው። አንድ ማክሰኞ መሣሪያውን እንደያዘ ተደፋ፤ ሲያነሡት ነፍስ የለውም። በምን እንደሞተ የመረመረ የለም፤ ግን ድሬ ፈረደች፦ ብረቱ ልቡ ደረሰ። ኪንሲ ለቅሶ ቤት ይህን ስትሰማ እዚያው እሳቱ ተነሣባት። በዚያ ሳምንት በቀን ስምንት ጊዜ ቆጠረችው። ከጡቷ በታች የሚወጋ ነገር ያለ መሰላት። ምግብ ከአፏ ራቀ። እሑድ ዕለት ለፋራህ ሐሙስ ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው መልካ ጀብዱ እንደምትሄድ፣ ብረቱን ደሄቦ ዘንድ እንደምታስወጣው ነገረችው።

ደሄቦን የማያውቅ የለም። አዋላጅ ናት፤ ወጌሻ ናት፤ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ከስንቱ እግርና ክንድ ፍንጣሪ በምላጭ እየቀደደች አውጥታለች፤ ቁስሉን በጋለ ብረት ትተኩሰዋለች። ፋራህ ይህን ሲሰማ እጁ ሳህኑ ላይ ቀረ። አትሂጂ አለ። ለምን ብትለው ሆድ እንደ ክንድ አይደለም አለ። ረቡዕ ሁለት ጊዜ ሊናገር አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። እሷም እሱ ከእሷ የባሰ እንደፈራ አስባ አዘነችለት። ሐሙስ ጠዋት ጫማውን አስሮ፣ ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆሞ፣ ወደ ሥራው ሄደ።

ጎረቤቷ መድና አብራት ሄደች። በጭነት መኪና ላይ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ሲጓዙ መድና የሆነ ያልሆነውን ስታወራ ኪንሲ አትሰማም። የምታስበው ስለ ስለት ነው። ስለት እሷን ሁለት ጊዜ አግኝቷታል። የመጀመሪያው በሰባት ዓመቷ ጀልዴሳ መንደር ስትገረዝ ነው፤ አራት ሴቶች እግርና እጇን ይዘው፣ አንዷ ጩኸቷ እንዳይሰማ አፏን በነጠላ ሸፍና። ሁለተኛው ሳታውቀው፣ ተኝታ። ይህ ሦስተኛው ደግሞ በገዛ እግሯ የምትሄድበት ነው። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኸው ነው ብላ አሰበች፤ መኪናው ይሰበር ዘንድም ለመነች። መኪናው ያለወትሮው አልተሰበረም።

ደሄቦ ጓሮዋ ውስጥ፣ የግራር ጥላ ሥር ተቀምጣ ጠበቀቻቸው። ቀጭን አሮጊት ናት፤ ሰው ሁሉ ኤዶ ይላታል፣ አክስቴ እንደማለት ነው። ከሰሉ ቀይ ሆኗል። ምላጩ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተዘርግቷል፤ ከጎኑ የመተኮሻው ብረት ጫፉ እሳት ውስጥ ገብቷል። ኪንሲ ያንን ስታይ የመድናን ክንድ ያዘች። መድና ደግፋ ወደ ውስጥ አስገባቻት፣ ምንጣፍ ላይ አስተኛቻት። ወዲያው እሳቱ ከጠባሳዋ ተነሣ፤ ዛሬ እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ጣራው ዞረባት። ሞቴ አሁን ነው አለች በልቧ። ሸሃዳዋን ማለት ጀመረች።

ደሄቦ አልቸኮለችም። እጇን ታጥባ፣ ቢስሚላህ ብላ፣ በመጀመሪያ ጠባሳውን ከላይ እስከ ታች በአውራ ጣቷ ተከተለችው። ሆዷን ከግራ ከቀኝ ጫነች። ከዚያ መድናን ከደጅ እንድትጠብቅ ነግራ እንደ አዋላጅ በእጇ መረመረቻት። ኪንሲ ጥርሷን ነክሳ፣ እንደ ሰባት ዓመት ልጅ ዓይኗን ጨፍና ተንቀጠቀጠች። አሮጊቷ ይህን አይታ እጇን አቆመች፤ እስክትረጋ ጠብቃ ቀስ ብላ ጨረሰች። ደሟ ከመቼ ወዲህ እንደቆመ ጠየቀቻት። እሳቱ ከመቼ ወዲህ እንደጀመረ ጠየቀቻት። ሌሊት ያልባት እንደሆነ፣ እንቅልፍ ይሸሻት እንደሆነ፣ ያለምክንያት ሆድ ይብሳት እንደሆነ፣ ከባሏ ጋር ስትተኛ ያማት እንደሆነ። ኪንሲ ሁሉንም አዎ አለች። ይህን ሁሉ እንዴት አወቀች ብላ ደነገጠች።

ደሄቦ ወጥታ ምላጩን በጨርቁ ጠቀለለችው። ተመልሳ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ እዚህ ብረት የለም» አለች። «ማህፀንም የለም።»

ኪንሲ አልገባትም። ደግማ እንድትነግራት ጠየቀች።

«አውጥተውታል። ያኔ፣ ሲቀድዱሽ። እንደ ነገርሽኝ ከሆነ ከማህፀኑ ጋር ደሙን የሚጠራውንም ሁሉ ወስደዋል። ይህ የሚያቃጥልሽ የእኛ የአሮጊቶች እሳት ነው። እኔን በሃምሳ ዓመቴ ቀስ እያለ መጣብኝ፣ ቀስ እያለ ሄደልኝ። አንቺን ገና ወጣት ሳለሽ በአንድ ቀን፣ በቢላ መጣብሽ፤ ለዚህ ነው የከፋው። ላዩ ላይ ፍርሃት ስትጨምሪበት ደግሞ መውጫ የለውም። ግን አይገድልም። በዚህ የሞተች ሴት አላየሁም።»

«ባሌ ብረት ቀርቷል ብሎኛል» አለች ኪንሲ።

አሮጊቷ ባልሽን ጠይቂው ብላ ተነሣች፤ ከሰሉንም ውኃ ደፋችበት።

በመልሱ መንገድ ኪንሲን ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ አትሞትም። ግን ሰባት ረመዳን ትዝ አላት። ለሚመጣው ልጅ ብላ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠችው ጨርቅ ትዝ አላት። በሃያ ዘጠኝ ዓመቷ አርጅታ ሳለ ማንም ሳይነግራት ወጣት መስላ ስትጠብቅ የኖረች ሴት ሆነች፤ ያቺ ሴት እሷ መሆኗን ለማመን ፈራች።

ስትደርስ ፋራህ ቤት ነበር። ለምሳ መጥቶ ምሳውን አልነካም። ሲያያት ብድግ አለ፤ ዓይኑ ሆዷ ላይ ነው፤ ደም ይፈልጋል።

«አልቀደደችኝም» አለች። «ማህፀን የለሽም አለችኝ።»

ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ መናገር ሲጀምር አላቋረጠም። ያን ዕለት ደሟ አልቆም ብሎ፣ ሐኪሙ ወይ እሷ ወይ ማህፀኗ እንዳለው፣ አስተርጓሚው ወረቀት ይዞ እንደመጣ፣ እሱም እንደፈረመ ነገራት። ዛሬም ቢመጡ እፈርማለሁ አለ።

«ለፈረምከው አልጠየቅሁህም» አለች ኪንሲ። «ለእሱ እጅህን እስማለሁ። ብረቱን ማን ከተተው?»

ፋራህ አንገቱን ደፋ። «እኔ» አለ። «በዚያ በሦስተኛው ቀን፣ ልጃችንን ቀብሬ መጥቼ፣ ሌላውንም መንገር አቃተኝ። ለአንድ ቀን ብዬ ነበር።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። አንዱ ቀን ሳምንት ሆነ፤ ሳምንቱ ዓመት። ብትሰማ ሌላ አግባ ብላው ወደ ዘመዶቿ እንደምትሄድ ፈርቶ ነበር። እያወቀ፣ ልጅ እንደማይኖረው እያወቀ፣ እናቱን ሰባት ጊዜ እንቢ ብሏል። ኪንሲ ይህን ስትሰማ ልቧ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ወደሱ ሄደ፣ አንዱ እንደቆመ ቀረ።

«ደሄቦ ዘንድ ስሄድ ዝም ያልከውስ?»

«እሷ አዋላጅ ናት፣ ታውቀዋለች፣ ትነግርልኛለች ብዬ ነው።»

«ባታውቀውስ? ብትቀድደኝስ?»

ፋራህ ያለቅስ ጀመር፤ ኪንሲ ባሏ ሲያለቅስ ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው።

በዚያው መሐል እሳቱ መጣባት። ከጠባሳው ተነሥቶ ደረቷን ያዘ፤ ልቧ ደለቀ፤ ላቧ ፊቷ ላይ ወረደ። ፋራህ እንደ ልማዱ ዘሎ ማራገቢያውን አነሣ። ተቀመጥ አለችው። እጇን ልቧ ላይ አድርጋ፣ አይገድልም ያለችውን አሮጊት አምና ጠበቀች። ለማመን ጭንቅ ነበር፤ ጥርሷ እስኪንቀጫቀጭ ፈራች። እሳቱ ግን አንገቷ ድረስ ወጥቶ፣ ትንሽ ቆይቶ ሄደ። ብርዱ መጣ። እሱም ሄደ።

ላቧን በሻሿ ጠረገች። ድምፅዋ ሲወጣ ዝቅ ያለ ነበር።

«እኔ ሰባት ዓመት በየቀኑ ስሞት ተቀምጠህ አየኸኝ። በአንድ ቃል ልታድነኝ ትችል ነበር። ትቼህ ልሂድ ወይስ ልቀመጥ ገና አላወቅሁም፤ መቼ እንደማውቅም አላውቅም። እስከዚያ አንተ ፍራ።»

ከዚያ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብታ መጋረጃውን ጣለች። ፋራህ ማራገቢያውን እንደያዘ ቀረ። የጥገናው ክፍል ፉጨት የምሳ ሰዓት ማለቁን ሲናገር ሰማ፤ አልተነሣም፤ ከመጋረጃው ወዲያ ልብስ የምትሰበስብ መሆን አለመሆኗን እያዳመጠ ተቀመጠ።