ለሙከራ የመጣው የስፌት ማሽን

ሹፌሩ የስፌት ማሽኑን ታቅፎ ከቤት ወጣ። ባለሱቁ «ውሰዱት፣ ሳምንት ሞክሩት፣ ካልተስማማችሁ መልሱት» ብሎ ለእሱና ለሚስቱ የሰጣቸው ነው፤ ለጣሪያው ያጠራቀሙትን ገንዘብ መያዣ አድርጎ። ሳምንቱ ዛሬ ያልቃል። ሱቁ ሳይዘጋ ካልደረሰ ገንዘቡ ቀለጠ ማለት ነው። ጣሪያቸው ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ሲዘንብ ቤቱ ውስጥ ደርቃ የምትቀረው አንዲት ጥግ ብቻ ስትሆን፣ እዚያ የትንሿ ልጃቸው አልጋ አለ። ሐኪሙ «ደረቷን እርጥበት እንዳይነካት» ካለ ወዲህ አባትዬው ደመና ባየ ቁጥር ወደ ጣሪያው ያንጋጥጣል።

እሱን ከጠየቃችሁት ማሽኑን እንዲህ ለመልመዳቸው ጥፋቱ የሚስቱ ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ማሽኑ በገባ በማግስቱ አበባ ያለው ልብስ ሰፋችለት።

«የሰው ዕቃ እኮ ነው፤ ምን ታለብሺዋለሽ?»

«አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ነዋ።»

ማታ ማታ ዘይት ሲቀባው፣ ጠረጴዛው እንዳይነቃነቅበት ሚስማር ሲመታ ያመሸው ማን እንደሆነ ግን አያነሳም።

መንገድ ላይ አንድ ተሸካሚ ገፋ አድርጎት አለፈ። «ኧረ ቀስ በል፣ ማሽኔን!» አለ ሹፌሩ። ከአፉ የወጣውን ሰምቶ ራሱ ደነገጠ።

ሱቁ ሲደርስ ባለሱቁ ገንዘቡን ከመሳቢያ አወጣ። «ምን ጎደለው?»

«ምንም።»

አንዲት ሴትዮ ቆማ ትጠብቅ ኖሯል። «እስቲ ልየው» ብላ አበባማውን ልብስ ገለጠችና ማሽኑን ዳበስ ዳበስ አደረገችው። ሹፌሩ እጇን ለቀም ሊያደርግ ምንም አልቀረው። ልጁን አሰበ፣ ጣሪያውን አሰበ፣ ገንዘቡንም በዓይኑ አየው።

«ተሽጧል፣ እትዬ» አለ።

ባለሱቁ ገንዘቡን ወደ መሳቢያው መለሰ። እንዲህ ያለ ሰው አይቶ ስለሚያውቅ ምንም አልገረመውም።

ወደ ቤት ሲመለስ ዝናቡ ጀመረ። ጃኬቱን አውልቆ ማሽኑን ሸፈነበት። ቤት ሲደርስ ሚስቱ ባልዲ እየደረደረች ነበር። የታቀፈውን አየች፤ ፊቷ በደስታ በራ፣ ወዲያው በፍርሃት ጠቆረ። ሁለቱም ቤቱን በዓይናቸው ዞሩት። ጠረጴዛው ላይ ያንጠባጥባል፣ ሳጥኑ ላይ ያንጠባጥባል። ደረቁ ቦታ ያው የልጅቷ አልጋ ያለበት ጥግ ብቻ ነው።

«ለዛሬ ብቻ» አለ ሹፌሩ።

ሚስቱ የአልጋውን አንድ ጫፍ ያዘች። ልጅቷ እንዳትነቃ ቀስ ብለው ሳቡት።